ሸለቆውን ያልሸጠው ነጋዴ

ሳሙና ሻጩ ፖለቲካን ፈልጎ አልሄደባትም፤ እሷ ናት ፋብሪካው ድረስ የመጣችበት።

ፋብሪካው የቆመው በአንድ መንግሥት ሥር ያሉት የላይኛው አገርና የታችኛው አገር ሰዎች በሚገናኙበት ከተማ ዳር ነበር። አባቱ ጓሮ ውስጥ በአንድ በርሜል የጀመሩትን ሥራ እሱ ቀንና ሌሊት የሚሠራ ፋብሪካ አደረገው። ሠራተኞቹ ግማሾቹ ላይኞች፣ ግማሾቹ ታችኞች ናቸው። ሲተራረቡ ይውላሉ። ታችኞቹ «ላይኛ ሲያስነጥስ እንኳ ግማሹን ለነገ ያስቀምጣል» ይላሉ። ላይኞቹም «ታችኛ ሥራ ሲያይ ዓይኑ ይከብደዋል፣ ደመወዝ ሲያይ ይበራለታል» ብለው ይመልሳሉ። ይሳሳቃሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ፣ ይጋባሉ። ሳሙና ሻጩም ሚስቱም ላይኞች ነበሩ፤ ቢሆንም ፋብሪካው ውስጥ ይህን የሚያነሳ ሰው የሚያነሳው ለቀልድ ብቻ ነበር።

ከዚያ ታችኛው አገር ዐመፅ ተነሣ። መንግሥት ወታደር ላከ። ወታደሮቹ መንደር አቃጠሉ የሚል ወሬ መጣ፤ ወሬው ሳይበርድ አንድ ባለሥልጣን ከነአጃቢዎቹ ፋብሪካው ቢሮ ገባ።

«ታችኞቹን አሰናብት» አለ፣ ወንበር እንኳ ሳይስብ።

«ምን አጠፉ?»

«ወገኖቻቸው መንግሥት ላይ ተነሥተዋል።»

«እኔ ዘንድ ያለው ቀቃይ፣ ቆራጭና አሻጊ ነው» አለ ሳሙና ሻጩ። «ላይኛና ታችኛ የሚባል የሥራ መደብ የለኝም።»

ባለሥልጣኑ ፈገግ ብሎ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የጤና ተቆጣጣሪዎች መጥተው የፋብሪካውን በር አሸጉት። ምክንያቱ «የንጽሕና ጉድለት» ነው ተባለ።

ሰውዬው የታሸገው በር ፊት ቆሞ አነበበና ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። «የሳሙና ፋብሪካ በቆሻሻ የሚዘጋበት አገር ውስጥ ዝም ብዬ ብቀመጥ፣ የሞቱት አባቴ ይታዘቡኛል» አለ። በዚያው ሳቅ ፓርቲ አቋቁሞ ምርጫ ገባ። ሥራ ያጡት ሠራተኞች፣ ላይኛውም ታችኛውም፣ ከኋላው ተሰለፉ። የአገሪቱ ገዢ በቴሌቪዥን ቀርበው «አገር የሚመራው ሳሙና ሻጭ ነው እንዴ?» ብለው ቀለዱ። እሱም በማግስቱ አደባባይ ወጥቶ «እውነታቸውን ነው፤ እሳቸው የተዉት ቆሻሻ በሳሙና አይለቅም» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወዳጁም ጠላቱም «ሳሙና ሻጩ» ይለው ጀመር። ስሙ ተወደደለት።

ድምፁ ተቆጠረና አሸነፈ። ማሸነፉ ደግሞ ወንጀል ሆኖ ተቆጠረበት። ጓደኞቹ ሲታሰሩ እሱና ሚስቱ በራሱ የጭነት መኪና፣ የሳሙና ካርቶን መሃል ተቀምጠው ድንበር ተሻገሩ። ሚስቱ እዚያ ውስጥ ስታስነጥስ «እባክሽ ግማሹን ለነገ» ብሎ ቀልዶባት፣ ጭንቅ ውስጥ ሆነው ተሳሳቁ። ታናሽ ወንድሙ ከእናታቸው ጋር ቀረ።

ጎረቤቱ አገር በሁለት እጅ ተቀበላቸው። መቀበሉ የዋህነት አልነበረም። በሁለቱ መንግሥታት መካከል፣ ታችኛው አገር ጫፍ ላይ፣ አንድ ወንዝ የሚያቋርጠው ሰፊ ሸለቆ አለ፤ አንዱ «የእኔ ነው» ይላል፣ ሌላውም «የእኔ ነው» ይላል። ጥንት የተጀመረ ጠብ ነው። ስለዚህ የአንዱ አገር አኩራፊ የሌላው አገር የክብር እንግዳ ይሆናል። ለሳሙና ሻጩ ዛፍ ያለበት ግቢ፣ ጥቁር መኪና፣ አትክልተኛና ዘበኛ ተሰጠው። በሳምንት አንድ ቀን ሬዲዮ ላይ የሚናገርበት ሰዓትም ተመደበለት። ጉዳዩን የሚከታተል አንድ ኮሎኔል ነበር፤ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሽቶው ከራሱ ቀድሞ የሚገባ ሰው።

ሚስቱ የመጀመሪያ ቀን ሳሎኑን ዞራ አይታ፣ መጋረጃውን ዳሰስ አድርጋ፣ «ጅብ የማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል» አለችው። «አንተ ሳትጠይቅ ተነጠፈልህ። እኔን የሚያሳስበኝ የማን ቁርበት እንደሆነ ነው።»

«አንቺ ደግሞ ምቾት ያሳክክሻል» አላት። ቢሆንም ነገሯ ሆዱ ውስጥ ቀረ።

ያ ሳሎን የፓርቲው ጽሕፈት ቤት ሆነ። ተሰደው የመጡት ሁሉ ረጅሙን የምግብ ጠረጴዛ ከበው ይሰበሰባሉ። ምክትሉ ወጣት ጠበቃ ነበር፤ የታችኛው አገር ልጅ፣ አፉ የሚያምር፣ ቁጣው ቅርብ። በዐመፁ ሰበብ ለታሰሩ ሠራተኞች ፍርድ ቤት ሲከራከር ነው ከሳሙና ሻጩ ጋር የተዋወቁት። ሰላም ሲሆኑ «ጋሼ» ይለዋል፤ ሲጣሉ «ሰውዬ»። በቀን ውስጥ ሁለቱንም ብዙ ጊዜ ይጠራዋል።

አንድ ጠዋት ኮሎኔሉ መጣና በረንዳው ላይ ተቀመጠ። ሻይ ቀረበለት። ስለ ዝናቡ አወራ፣ ስለ ግቢው ጽጌረዳ አወራ፣ ከዚያ ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

«የሬዲዮ ሰዓትዎ ተወዳጅ ሆኗል። መንግሥታችን አንድ ትንሽ ውለታ ይፈልጋል። በሚቀጥለው ጊዜ ይህችን ቢያነቡልን።»

ሳሙና ሻጩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። አጭር ነበረች። ሸለቆው በታሪክም በሕግም የጎረቤት አገር እንደሆነ፣ የእሱም ፓርቲ ሥልጣን ሲይዝ ይህንኑ እንደሚያጸና ትናገራለች። መነጽሩን አወለቀና ወረቀቷን የሻይ ብርጭቆው ሥር አስቀመጣት።

«ኮሎኔል፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ነጋዴ የሰው ዕቃ አይሸጥም። ከሸጠ መጠሪያው ሌላ ነው።»

«ማንም ይሽጡ አላለዎትም። ይናገሩ ነው የተባለው።»

«አገር በአፍ ነው የሚሸጠው። በሚዛንማ ማን ችሎ ያነሣዋል?»

ኮሎኔሉ ፈገግታውን አልቀየረም። ግቢውን፣ ዛፎቹን፣ መኪናዋን በዓይኑ አንድ በአንድ አዳረሰና «የተቀመጡበትን ቤት ቢያስቡት» አለ።

«አስቤዋለሁ። ቤቱን የሰጣችሁኝ ከገዢዎቼ ጋር ስለተጣላሁ ነው። እስከ ዛሬ ተጣልቻለሁ፤ ነገም እጣላለሁ። ከአገሬ ጋር ግን አልተጣላሁም። ያንን ጨምራችሁ የሰጣችሁኝ ከሆነ ቁልፉ ይኸው።» ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ወረቀቷ ላይ ጫነባት።

ኮሎኔሉ ቁልፉን አልነካም። ሻዩን ጨርሶ፣ አመስግኖ ሄደ። ወረቀቷን ይዞ ነበር የሄደው፤ ለማን እንደሚሰጣት ያውቃል።

ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ ሲሞላ ላይኞቹ በመስኮቱ በኩል፣ ታችኞቹ በበሩ በኩል ተቀምጠው ነበር። እንዲህ ተከፍለው ተቀምጠው አያውቁም። ጠበቃው ተነሣ።

«ማን ጠይቆህ ነው እምቢ ያልከው፣ ሰውዬ?»

«ኅሊናዬን ጠይቄ።»

«ኅሊናህ ላይኛ ነው! ሸለቆው የማን ነው? ያንተ ነው? እናቴ የተወለደችበት ነው። ቤቷ ከነምሰሶው የተቃጠለበት ነው። ያቃጠሉት እነማን ናቸው? ያንተ አገር ልጆች ናቸው። አሁን እዚያ የማንም ባንዲራ ቢሰቀል ለእናቴ ምኗ ነው? የሚጠብቃት ይምጣላት እንጂ!»

በበሩ በኩል ያሉት አጉረመረሙ። ሳሙና ሻጩ በምርጫው ጊዜ አፉ ላይ ይመጣለት የነበረው ቀልድ ሁሉ ጠፋው። እውነት ነው፣ ቤቱን ያቃጠሉት ወታደሮች የእሱን ዓይነት አነጋገር የሚናገሩ ናቸው።

«ይሄ ኮሎኔል እናትህን የሚጠብቅ መስሎህ ነው?» አለ በመጨረሻ። «የሚያውቀው መሬቷን ነው። እሷን አያውቃትም።»

«አንተስ ታውቃታለህ?»

«አላውቃትም። የማላውቃትን ሴት ከነመሬቷ ለሌላ የምሰጥበት ሥልጣን ደግሞ ማንም አልሰጠኝም። አንተም ብትሆን ልጇ እንጂ ባለቤቷ አይደለህም። እሷን ጠይቃት።»

«በየት በኩል ልጠይቃት? ያለችበትን አላውቅም!»

ጠበቃው ይህን ብሎ ወንበሩን ገፍቶ ወጣ፤ ታችኞቹም ተከተሉት። በሚቀጥለው የሬዲዮ ሰዓት ወረቀቷን ያነበበው እሱ ነበር። ሳሙና ሻጩና ሚስቱ ቁጭ ብለው አዳመጡት። ጠበቃው ቃሉን አልሰረዘም፣ አልተንተባተበም።

«ሲያነብ ያምርበታል» አለች ሚስቱ። «የተናደደው በሌላ ነው፤ የሸጠው ደግሞ ሌላ። አሳዘነኝ።»

እሱ ግን አላዘነም። ተናዶ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሁሉ አንድ በአንድ ይሄድ ጀመር። መጀመሪያ መኪናዋ ለጥገና ተወሰደችና ሳትመለስ ቀረች። ቀጥሎ አትክልተኛው ጠፋ። ከዚያ ዘበኛው። «እስከ ዛሬ የምፈራው እሱን ነበር፤ አሁን ገና ሌባ መፍራት ጀመርኩ» አለች ሚስቱ። በመጨረሻ ኮሎኔሉ ራሱ በሩ ላይ ቆሞ «ቤቱ ለሌላ እንግዳ ይፈለጋል። እስከ ነገ ልቀቅ» አለው። «እርስዎ» የሚለው ቃል ከመኪናዋ ጋር አብሮ ሄዷል።

«ነገ ድረስ ምን አስቆየኝ?» አለ ሳሙና ሻጩ። ሻንጣቸው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር።

ገበያው ዳር፣ ከአንድ የጎማ ጠጋኝ ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራዩ። እዚያው ሠፈር አንዲት ባልቴት ትንሽ የሳሙና ቤት ነበራቸው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ሁለት የመቀቀያ በርሜል፣ ጥቂት የማድረቂያ መደርደሪያ። ሥራ ጠየቃቸው። ሬዲዮ ስለማይሰሙ ማን እንደሆነ አላወቁም።

«ሳሙና ታውቃለህ?» አሉት።

«ትንሽ ትንሽ።»

«ትንሽ የሚያውቅ ሰው ነው ኮስቲክ ሶዳ አብዝቶ እጄን የላጠኝ። ጓንት አድርግ፣ አፍህን ዝጋ፣ በርሜሉን አማስል።»

አማሰለ። ክንዱ ሥራውን አልረሳም ነበር። ሲጠነክር በማንኪያ ጫፍ ቆንጠር አድርጎ አቀዘቀዘና ምላሱን ነካበት፤ ምላስን የሚነዝር ሳሙና ገና ነው። ባልቴቷን «እትዬ» ይላቸው ነበር፤ እሳቸውም ይህን አይተው ከዚያ ቀን ጀምሮ «አፍህን ዝጋ» ማለቱን ተዉት። እሱም ባይተዉት ኖሮ የሚሰማቸው አልነበረም። ስደተኛው ሁሉ ለገበያ ሲመጣ እዚያ ጎራ ይላል። መጀመሪያ ላይኞቹ መጡ። ቆየት ብሎ አንድ ታችኛ ለመሰዳደብ መጣ፤ እየተሰዳደቡ ቆርጠው እያሸጉ ዋሉ፤ በማግስቱ ሌሎችን ይዞ ተመለሰ። ፓርቲው ያለ ሳሎን፣ ያለ ሬዲዮ፣ ሳሙና በተደረደረበት መደርደሪያ መሃል መሰብሰብ ጀመረ።

እትዬ አንድ ቀን «እነዚህ ሁሉ ዘመዶችህ ናቸው?» ብለው ጠየቁት።

«ጠላቶቼም አሉባቸው፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ዘመዶችህ ናቸው» አሉ።

እንዲህ እያሉ ሳለ ሁለቱ መንግሥታት ታረቁ። ትናንት በሬዲዮ ሲሰዳደቡ የነበሩት ሰዎች ተቃቅፈው ፎቶ ተነሡ። ለምን እንደታረቁ ገበያው ውስጥ ብዙ ተባለ፤ እርግጡን ያወቀ የለም። ዝሆኖች ሲጣሉ የሚጎዳው ሣሩ ነው ይባላል። ሲታረቁም የሚተኙት እዚያው ሣሩ ላይ ነው። የሳሙና ሻጩ አገር አንድ የማስታረቂያ ስጦታ ጠየቀ፤ «ሸለቆውን በሬዲዮ የሸጠውን ሰው አምጡ» አለ። ወረቀቷን ጽፎ የሰጠው ኮሎኔል ራሱ ሄዶ ጠበቃውን ከአልጋው አስነሥቶ አሰረው።

በዚያው ሰሞን የሳሙና ሻጩ ታናሽ ወንድም ስምምነቱን ሊፈርሙ ከመጡት የአገሩ ልዑካን ጋር መጣ። ጥሩ ልብስ ለብሷል። በርሜሎቹ መሃል ሲገባ ጫማውን እያየ ነበር የሚራመደው። ተቃቀፉ፤ ረጅም ጊዜ አልተላቀቁም።

«ወንድም ጋሼ፣ ከሳህ።»

«አንተ ደግሞ ወፈርክ። የእኔን ድርሻ ነው የበላኸው?»

ተሳሳቁ። ወንድሙ የተገለበጠ ሳጥን ላይ ተቀምጦ ነገሩን አወጣው። ፋብሪካው ተከፍቷል፤ የሚያስተዳድረው እሱ ነው። መንግሥት ደግሞ ሐሳቡን ቀይሯል።

«እዚያ አሁን ስምህ ሌላ ሆኗል። ቴሌቪዥኑ 'ለባዕድ እምቢ ያለው ጀግና' ነው የሚልህ። ጠበቃው ከሃዲ፣ አንተ አርበኛ። ነገ ሆቴሉ ውስጥ ስምምነቱ ሲፈረም መድረኩ ላይ ትቆማለህ፣ ሁለት ቃል ትናገራለህ፣ አብረን እንመለሳለን። ፋብሪካው ያንተ ይሆናል።»

ሳሙና ሻጩ ማማሰያውን አስደገፈ። «ታችኞቹ ሠራተኞች ተመለሱ?»

ወንድሙ ጫማውን አየ። «እባክህ ይሄን አታንሣ።»

«ተመለሱ ወይስ አልተመለሱም?»

«አልተመለሱም።» ከዚያ ቀስ ብሎ «እማማ ዓይኗ እየደከመ ነው። ፈጽሞ ሳይጨልምባት ልታይህ ትፈልጋለች። ላከችኝ» አለ።

ሰውዬው ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ በርሜሉ አዞረ። እንፋሎቱ ፊቱን ሸፈነው። ያኔ እሺ ሊል ምንም አልቀረውም ነበር። እናቱ በር ላይ ቆመው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው መንገዱን ሲያዩ ታዩት። የፋብሪካው ፊሽካ ተሰማው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚፈለግበት። ያቺ ቃል ደግሞ፣ ይገርማል፣ እውነት ናት፤ ሸለቆውን አልሸጠም። የራሱን እምቢታ አጥበው፣ አሽገው፣ የሰው አንገት ሊገዙበት ነው።

«ሆቴሉ እመጣለሁ» አለ።

ወንድሙ ከደስታው ብዛት እጁን ሳመው። ማታ ሚስቱ የእሱን ሙሉ ልብስ ስትቦርሽ «ልትሄድ ነው?» አለችው።

«ልሄድ ነው።»

«ልትናገር?»

«ልናገር።»

«እንግዲያው ሻንጣውን ላውርደው። በየትኛው በኩል እንደሚያስወጡን ባላውቅም፣ መውጣታችን አይቀርም።»

የሆቴሉ አዳራሽ ምንጣፉ እግር ይውጣል። ጋዜጠኞች ከየአገሩ መጥተዋል። የሁለቱ መንግሥታት ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ፈረሙ፣ ተጨባበጡ፣ ተጨበጨበ። ከዚያ የመድረኩ መሪ «ለባዕድ ጥቅም አልገዛም ያለው፣ ዛሬ ወደ ወገኑ የሚመለሰው…» እያለ አስተዋወቀው። ወንድሙ ፊት ረድፍ ላይ ነው። ኮሎኔሉ በግድግዳው ጥግ ቆሟል።

ሳሙና ሻጩ ማይክሮፎኑን ያዘ።

«እምቢ ማለቴ እውነት ነው። ግን ለማን ብዬ እንደሆነ የነገሯችሁ ሰዎች ተሳስተዋል። ለእነዚህ ብዬ አይደለም» አለ፣ የአገሩን ሹማምንት በእጁ እያመለከተ። «እነሱ ሸለቆው ውስጥ ቤት ሲያቃጥሉ አገር መሸጥ አላሉትም። በዚያ ሸለቆ እናቱ የጠፋችበት አንድ ሰው ዛሬ እዚህ ከተማ ታስሯል። ምክትሌ ነው። ተሳስቷል፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ፤ ሰድቦኛል። ጠቡ የእኔና የእሱ ነው፤ ለእናንተ አልሸጥነውም። ያነበበውን ወረቀት የጻፈለት ደግሞ እዚያ ጥግ ቆሟል።»

ሰው ሁሉ ወደ ኮሎኔሉ ዞረ። በዚህ ጊዜ ማይክሮፎኑ ተዘጋ። ዘጊዎቹ አንድ ነገር አላወቁም፤ ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ በማሽን ጩኸት ላይ ሲናገር የኖረ ነው።

«እሱን በስጦታ የምትሰጡ ከሆነ እኔንም ጨምሩ!» አለ፣ ጣሪያው እስኪያስተጋባ። «አርበኛና ከሃዲ ብላችሁ አትክፈሉን! ሁለታችንም የምንቃወመው እናንተን ነው! በአንድ መኪና ጫኑን!»

ካሜራዎቹ ብልጭ ብልጭ አሉ። ሁለት ሰዎች ክንዱን ይዘው ሲያወጡት ወንድሙን በዓይኑ ፈለገው። ወንድሙ አንገቱን ደፍቶ ተቀምጦ ነበር። ያ ነው ውስጡን የቆረጠው፤ ክንዱን የጠመዘዙት አይደሉም።

እሱም ታሰረ፤ ነገሩ ወሬ ሆነ። የሌላ አገር ጋዜጠኞች ስለ ጠበቃው መጠየቅ አበዙ፤ አስተናጋጁ መንግሥት ሰው አሳልፎ ሰጠ መባሉን አልወደደውም፤ ለሳሙና ሻጩ አገር የገባው ቃል ግን አለ። ሹማምንቱ ሲያመነቱ ሰነበቱና ሁለቱን እስረኞች ወደ ሩቅ ሦስተኛ አገር ለማባረር ተስማሙ። ኮሎኔሉ ሳሙና ሻጩን ከእስር ቤቱ ሲያስወጣው «ምን ነበረበት ዝም ብትል? ዛሬ ቤትህ ነበርክ» አለው።

«አንተስ ምን ነበረበት ዓይንህን በጨው ባታጥብ?» አለው እሱ። «ለዚህ ለዚህ ሳሙና ይሻል ነበር።»

እትዬ በሩ ድረስ መጥተው ኖሮ አንድ ሙሉ ጣውላ ያልተቆረጠ ሳሙና ለሚስቱ አስታቀፏት። ወታደሮቹ ሊከለክሏቸው ሲሉ «ፈትሹት! ታጠቡበትም!» ብለው ጮኹባቸው።

ባልና ሚስቱን ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚወስደው መኪና ውስጥ ጠበቃው ቀድሞ ተቀምጧል። ከንፈሩ አብጧል፣ ፂሙ አድጓል።

«ማን ለምኖህ ነው?» አለ ጠበቃው።

«ማንም።»

«ስለ ሸለቆው ሐሳቤን አልቀየርኩም።»

«እኔም አልቀየርኩም።»

«ታዲያ ለምን?»

«ካንተ ጋር ክርክሬን ስላልጨረስኩ። እነሱ ክርክር አያውቁም፤ የሚያውቁት አፍ መዝጋት ነው።»

ጠበቃው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ሳይመለከተው «ያቺ ወረቀት ላይ ስለ እናቴ አንድ ቃል አልነበረም» አለ። «ሳነባት ነው ያወቅኩት፣ ጋሼ። መሃል ላይ ስደርስ።» የሳሙና ሻጩ ሚስት ከሻንጣዋ መሃረብ አውጥታ ሰጠችው።

የደረሱበት አገር አውሮፕላን ማረፊያ ነጭ ግድግዳ ያለው ክፍል ውስጥ ብዙ ሰዓት አስቀመጧቸው። በመጨረሻ አንዲት የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ገባችና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀች። እዚህ ከገቡ በኋላ ፖለቲካ ትተው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ለመኖር ቃል ይገባሉ?

ጠበቃው በጠረጴዛው ሥር የሳሙና ሻጩን እግር ረገጠው። ሚስቱ ዓይኗን ጨፈነች።

«እመቤቴ» አለ ሳሙና ሻጩ፣ «ድምፄን አጥፍቼ መኖር ብችል ኖሮ አገሬ ምን አለኝ? ቤት ነበረኝ፣ ፋብሪካ ነበረኝ፣ እናት ነበረችኝ። ዝም ለማለት ይህን ሁሉ መንገድ ምን አመጣኝ? ሕጋችሁን አከብራለሁ። ዝም አልልም።»

ሴትዮዋ ወጥታ ከአለቃዋ ጋር ተነጋገረች። ተመልሳ ስትመጣ ቃል ስለመግባት አላነሣችም፤ «የአደባባይ ስብሰባ ያለ ፈቃድ አይደረግም» ብላ ብቻ አሳለፈቻቸው።

ስልክ ካገኙ በኋላ መጀመሪያ የደወለው ለወንድሙ ነበር። ሲያነሣው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው።

«ፋብሪካውን ወሰዱብህ?»

«ወሰዱት። ደግሞ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበህ 'ወንድሜ አይደለም' በል አሉኝ።»

«ምን አልክ?»

«ጉንፋን ይዞኛል፣ ድምፄ አይወጣም አልኳቸው። እንደገና መጡ። እንደገና ጉንፋን ይዞኛል አልኩ። አሁንም አልለቀቀኝም፣ ወንድም ጋሼ።» ከዚያ ስልኩን ለእናታቸው ሰጣቸው።

«ቴሌቪዥን ላይ አንድ ጊዜ አሳይተው አጠፉህ» አሉ እናቱ። «ፊትህ በደንብ አልታየኝም። ድምፅህን ግን ሰማሁት። ሰፈሩ ሁሉ ሰማው። አባትህም እንዲሁ ነበር የሚጮኸው፤ ያኔ እኔ ነበርኩ ዝም በል የምለው። አንተን ዝም በል አልልህም።»

እሱ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ሚስቱም ብላ አላለችውም።

ጥቂት ቆይቶ ከየከተማው የተሰደዱት ተጠራርተው ፓርቲውን እንደ አዲስ አቋቋሙ። ጠበቃው የሸለቆው ጉዳይ በሸለቆው ሰዎች ድምፅ ይወሰን የሚል ሐሳብ ይዞ መጣ፤ ሳሙና ሻጩ ደግሞ አገር ነጻ ሳይወጣ የሚሰጥ ድምፅ ድምፅ አይደለም ብሎ ተከራከረ። ሁለቱም ለሊቀመንበርነት ተወዳደሩ። ላይኛውና ታችኛው ተደባልቆ ነበር የተቀመጠው፤ ማን ለማን እንደሚሰጥ መገመት አልተቻለም። ድምፁ በግልጽ፣ ሁሉም እያየ ተቆጠረ። ጠበቃው በአንድ ድምፅ አሸነፈ።

ሳሙና ሻጩ ተነሥቶ ጨበጠው። ሲቀመጥ ወደ ሚስቱ ዞሮ በሹክሹክታ «አንቺ ለማን ሰጠሽ?» አላት።

«ለሱ ነዋ።»

«ለምን?»

«ልጁ ልክ ነው። ደግሞ ያንተን ንግግር ቤት ውስጥ እሰማዋለሁ።»

መጀመሪያ ዓይኑ ፈጠጠ። ከዚያ ሳቁ ከሆዱ ጀምሮ መጣ፤ አዲሱ ሊቀመንበር ንግግሩን አቋርጦ እስኪያየው ድረስ ሳቀ። ሳቁን ሲጨርስ ዓይኑን ጠርጎ፣ ኮሌታውን አስተካክሎ፣ እጁን አወጣ።

«ተቃውሞ አለኝ» አለ።

«ገና ምንም አልተናገርኩም እኮ፣ ጋሼ!» አለ ሊቀመንበሩ።

«ቀድሜ ወረፋ መያዜ ነው» አለ ሳሙና ሻጩ፣ ወንበሩንም ወደ ፊት ሳበው።